የመርሊን ጎማዎች

አምስት ቀን ሙሉ ቢጫ አውቶቡስ እነዳለሁ፤
በየደጃፉ ቆሜ የሰው ልጅ እጭናለሁ።
ሠላሳ ማይል ነው ልኬ፤ ፍሬን ስይዝ እንኳ
በእግሬ ጣት ጫፍ ነው፣ የተኛ እንዳልነካ።

እሁድ ግን
ከነብራስካ ዳር፣ በተተወ የአውሮፕላን ሜዳ፣
ስንጥቁን ሣር በወረሰው የአስፋልት ምድረ በዳ፣
ብርቱካንማ ኮን ተደርድሮ፣ በጠመኔ ተከቦ፣
መንገድ መስሎ ተጣሞ፣ ተጠማዝዞ፣ ተሰብስቦ
ይጠብቀኛል። ስልሳ ሰከንድ ነው ጠቅላላው፤
አንዲት ኮን የገፋ፣ ሁለት ሰከንድ ነው ዕዳው።
ዋንጫው ፕላስቲክ ነው፣ ሽልማቱ ጭብጨባ፤
ለዚህም አለ እንግዲህ ብድር የሚገባ።

«ሞተር ወሬ ነው» ይላል ጎሚስታው ቫሃል፣
«መሬት የምትነኪው መዳፍሽን በሚያህል
አራት ቦታ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ብረት፣
ሌላው ሁሉ ቀለም፣ ሌላው ሁሉ ተረት።»

በግራው ደረደረ ጠንካራ ጠንካራውን፦
ሦስት ዓመት የሚሮጥ፣ የማይፈራ ዝናቡን፣
ግን ኩርባ ላይ ሲደርስ ልቡ የሚሸፍት።
በቀኙ ለስላሳውን፦ በጥፍር ሲጫኑት
ምልክት የሚይዝ፣ ሲሞቅ የሚያጣብቅ፣
በቆሎው ሳይታጨድ ጥርሱ የሚያልቅ።

ዋጋውን አየሁና የጣሪያዬን ቀዳዳ፣
የጥርሴን ሕመም፣ የማሞቂያ ጋዙን ዕዳ
በልቤ ደመርኩ፤ ቀነስኩ፤ እንደገና ደመርኩ፤
ድምሩ እንቢ ሲለኝ ወደ በሩ ዞርኩ።

«ቆይ እስቲ፣ ሎርና» አለ።
ከጓዳ አራት ጎማ እያንከባለለ።
«የመርሊን ፕሮቻስካ ነበሩ። ሁለት እሁድ ብቻ ነዳባቸው።
ሚስቱ ጋራዥ ውስጥ ማየት አቅቷት፣ ጭና አመጣቻቸው።»

ጎናቸው ላይ በጠመኔ፣ በመርሊን እጅ፣ «ሠላሳ ሁለት»፦
የነፋሱ ልክ ነው። ከሥሩ ፋብሪካው ያተመበት
አራት ቁጥር፦ ሳምንቱ፣ ዓመቱ።
ቆጠርኩት። የፍቺ ወረቀቴን የፈረምኩበቱ
ያ ሳምንት ነው።
«ጎማ» አለ ቫሃል፣ «ሳይሮጥም ያረጃል።»
ጥፍሬን ተጫንኩት። ትንሽ እንቢ አለ፤ ከዚያ ገባ።
ከፈልኩ።

እሁድ ማለዳ ብርድ ነበር። ክሪክ አስገባሁ፤
ብሎኑን በባዶ እጄ አጠበቅሁ።
አንደኛው ዙር፦ ጎማው ገና አልነቃም፤
እንደ ሳሙና ነው፣ መሪ ብጠመዝዝ አይሰማም።
ሦስት ኮን ገደልኩ። ትሬንት ኩድርና ሳቀ፤
አባቱ የከፈለለት አዲስ ጎማ ያጠለቀ።
ሁለተኛው ዙር፦ ለብ አለ።
ሦስተኛው ላይ ግን አስፋልቱን እንደ እጅ ያዘ፤
ገና ወደ ኩርባው ሳይ አፍንጫው ታዘዘ።
ሃምሳ ሰባት ከአራት! ከኩድርና በታች!
በመስታወቴ ግን አንዲት ኮን፣ የመጨረሻዋ፣
ቆማ ቆማ አሰበችና
ወደቀች።

ከዚያ ተራዬ ደርሶ፣ ሰደርያ ለብሼ፣
የሌሎችን ኮን አነሣሁ፣ በፀሐይ ተጠብሼ።
ኩርባው ዳር ከጎማ የተላጠ ፍርፋሪ፣
ጥቁር፣ ትኩስ፣ በእግር ሥር ተሽከርካሪ።
አንዱን አነሣሁ። የማን እንደሆነ አላውቅም።
መኪናዬን ስመለከት፣ ከጠመኔው ጽሑፍ
«ሠላሳ» ቀርቶ «ሁለት» ጠፍቷል።

ሰኞ፣ ገና ሳይነጋ፣ ኪሴ ውስጥ አገኘሁት።
ትንሹ ኤመት ከደረጃው ቆሞ፣ «ምንድን ነው?» ሲለኝ
«የጎማ ጥርስ» አልኩት።
አፉን ከፍቶ የፊቱን ክፍተት አሳየኝ።
«የኔም ወልቋል። ለሱም ሌላ ይበቅልለታል?»
ከኋላው ስድስት ልጆች ብርድ ላይ ቆመዋል።
«ግባ» አልኩት።
በሩን ዘጋሁ፤ ማርሽ አስገባሁ።